ለኢልሴ የተነፋ ጡሩምባ

ጋሽ ገሪማን የማያውቅ የዲላ ሰው ካለ፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ እንቅልፋም ነው። እንቅልፋም እንኳ ያውቀዋል። የዕድር ጡሩምባ ነፊ ነበራ! ሰው ያረፈ እንደሆነ፣ ጭጋጉ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ሳይነሳ፣ ከመናኸሪያው በላይ ካለው ዳገት ጀምሮ እስከ ታች ድልድዩ ድረስ እየነፋ ይወርዳል። ነፍቶ ነፍቶ ቆም ይልና «የዕድር አባላት! እከሌ አርፏል፤ ውጡ!» ብሎ ሲጣራ ድምፁ አይጣል ነው። ልጆች ሞትን ራሱን ከኪሱ የሚያወጣው ይመስላቸውና ሲያዩት ይሸሻሉ። እሱ ግን ምስኪን ነው፤ መንገድ ላይ የተኛ ውሻ እንዳይቀሰቅስ ዞሮ የሚያልፍ ሰው።

ትውልዱ ሰሜን ነው፣ ተምቤን። በጎረምሳነቱ በጭነት መኪና ረዳትነት ወደ ደቡብ ወረደና ዝናቡን አይቶ ቀረ። «ሌላው ቡና ብሎ መጣ፣ እኔ ዝናብ ብዬ ቀረሁ» ይላል። ዕድሜውን አሪቻ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ በዘበኝነት ጨረሰ። ዘበኝነት ይባል እንጂ ዋናው ሥራው ማለም ነበር። ቡናው በገንዳው ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሄድ ቁጭ ብሎ እያየ፣ ያልረገጠውን አገር ሁሉ ሲዞር ይውላል። ሚስት አላገባም። ለምን ሲሉት «ሳስብበት መሸብኝ» ብሎ ይስቃል።

አንዲት እህት ነበረችው፣ ፀሐይወርቅ የምትባል። ሩቅ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖር ነበር። ወሬዋ ሲጠፋበት ሥራ በዝቶባት ነው አለ። ጎረቤቶቿም በሯ ተዘግቶ ሲያዩት አገሯ ሄዳለች አሉ። ማንም አላንኳኳም። በመጨረሻ የደረሰው መርዶ፣ ሞታ ሰንብታ እንደተገኘችና ማዘጋጃ ቤት እንደቀበራት ነው። ጋሽ ገሪማ ሲደርስ ያገኘው በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ብቻ ነበር። እዚያ አላለቀሰም። ዲላ ተመልሶ የዕድሩ ዳኛ ዘንድ ሄደና «ጡሩምባውን ለእኔ ስጡኝ፤ ከእንግዲህ እኔ ባለሁበት ሰፈር ማንም ሳይጠራ አይሄድም» አለ። ሰጡት። ከዚያ ወዲህ የዚህ ሰው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ሲጠፋ ይጠየቃል።

እንዲህ ያለ ሰው ኢንተርኔት ቤት ምን ሊሠራ ገባ ትሉኝ እንደሆነ፣ ዝናብ አስገባው። ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ጥር ላይ፤ ያለ ወሩ የመጣ ዶፍ ነው መንገድ ላይ ያገኘው። ሮጦ የተጠለለው ሐያት በር ላይ ነበር። ሐያት አባቷ ከስልጤ መጥተው ዲላ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ባዮሎጂ ተምራ፣ ተመርቃ፣ ሥራ ስትፈልግ ከርማ ስታጣ፣ ከአባቷ ሱቅ ጎን ያለችውን ክፍል ኢንተርኔት ቤት አደረገቻት። ምላሷ ስለት ነው፤ አንጀቷ ግን ቅቤ። ያን ቀን ደንበኛ ስላልነበራት ለራሷ ትጫወታለች። ስክሪኑ ላይ አንድ የተጠማዘዘ ባለ ብዙ ቀለም ነገር በጥቁር ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ሁሉ ቀስ ብሎ ይዞራል። ጋሽ ገሪማ ዝናቡን ረሳው።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ? እባብ ነው?»

«ፕሮቲን ነው ጋሼ። እርስዎም ውስጥ አለ።»

«እኔ ውስጥ?» ብሎ ሆዱን ያዘ።

ሐያት ሳቀችና አስረዳችው። ፕሮቲን ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን በትክክል ሲታጠፍ ነው። እንዴት እንደሚታጠፍ ማወቅ ሳይንቲስቶቹን ቢያስቸግራቸው ጊዜ፣ ጨዋታ አድርገው ለሕዝብ ለቀቁት። ማንም ከያለበት ሆኖ ያጣጥፋል፤ ጥሩ ያጣጠፈ ነጥቡ ይጨምራል፤ እነሱ ደግሞ የተሻለውን ወስደው ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሞክሩታል። «ይሄኛው ኢንዛይም ነው። ሠራተኛ ይበሉት። መሃሉ ላይ አፍ አለው፤ በዚያ አፉ መርዝ ይዞ እንዲቆርጥ ነው የምናበጀው። ብርቱካናማዎቹ ውሃ ይፈራሉ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ። ሰማያዊዎቹ ውሃ ይወዳሉ፣ ውጭ ይሁኑ። የሚጋጩትን ማራራቅ ነው። መሃል ላይ ባዶ ቦታ ከቀረ ግን ቅርጹ አይጸናም።»

ጋሽ ገሪማ አገጩን ይዞ ሲያዳምጥ ቆየና «ታዲያ ይሄ የለቅሶ ድንኳን አይደለም እንዴ!» አለ። «አሮጊቶቹን ዝናብ እንዳያገኛቸው ወደ ውስጥ። ወጣ ገባ የሚለውን ወደ በሩ። የተኳረፉትን ለያይቶ። መሃሉ ባዶ ከሆነማ ለቅሶው ይቀዘቅዛል።»

ሐያት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችለት።

እንዳትሳሳቱ፣ ሊቅ ወጣው ልላችሁ አይደለም። ማውሱ አልታዘዝ ይለዋል። አንዱን ክንድ አጥፋለሁ ሲል ሌላውን ይሰብራል፤ ነጥቡ ሲበዛ መካከል ላይ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከመካከልም ወረድ ይላል። ግን ወደደው። እንደ ድሮው ገንዳ ሥር ቁጭ ብሎ ማለም ሆነለት። ያ ነገር ፊቱ ላይ ሲዞር፣ ውጭ ባጃጁ ሲጮህ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ እሱ የለም፤ ዓይን የማያየው አገር ውስጥ ገብቶ የሰው ቦታ ያደላድላል። ሐያት «ጋሼ፣ ደንበኛ መጣ፣ ይነሱልኝ» ስትለው ከሩቅ መንገድ የተጠራ ያህል ደንገጥ ይላል።

ጨዋታው በቡድን ነው። አንዱ የጀመረውን ቅርጽ ለቡድኑ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው አንስቶ ያሻሽለዋል። ሐያት የገባችበት ቡድን ውስጥ ያሉት በሙሉ ፈረንጆች ናቸው። ጋሽ ገሪማ በመጀመሪያው ቀን «እንዴት አደራችሁ ብለሽ ጻፊልኝ» አላት። «ጋሼ፣ እዚህ እንደዚህ አይባልም» ብትለው «ሰው ቤት ገብቶ ዝም ይባላል?» ብሎ ተቆጣ። ጻፈችለት። አንዷ ብቻ መለሰች፣ ኢልሴ የምትባል፣ በረዶ ካለበት አገር የሆነች ባልቴት። «ደህና አደርኩ። እዚህ በረዶ ነው» አለች። እሱም «እዚህ ዝናብ ነው» አስባለ። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚህ የበለጠ ወሬ የላቸውም፣ በቃ! ግን በየማለዳው ነው። ጋሽ ገሪማ ሸሚዙን ተኩሶ መምጣት ጀመረ፤ ሐያት አየችው፣ ለጊዜው እንኳ አላሾፈችበትም።

ኢልሴ ቅርጽ ስታበጅ ጉድ ነው። ያን መርዝ ቆራጭ ኢንዛይም ከሁሉ አብልጣ አጠፈችው፤ አፉ ሥር አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀረቻት። መጋቢት መግቢያ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ዛሬ ደከመኝ። ይህችን ቀዳዳ ነገ እደፍናታለሁ።»

ነገ መጣ፣ ኢልሴ አልመጣችም። በማግስቱም የለችም። ቀናት አለፉ። ጋሽ ገሪማ በየማለዳው «እንዴት አደርሽ» ያስጽፋል፣ መልስ የለም። ቡድኑን አስጠየቀ፣ «ኢልሴ ምን ሆነች?» ብሎ። አንዱ «እረፍት ወጥታ ይሆናል» አለ። ሌላው «ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ጨዋታ ነው እኮ» አለና፣ ሳይንቲስቶቹ ይህን እንቆቅልሽ በቅርቡ ስለሚዘጉት ቅርጿን ወስዶ ቀዳዳውን ልድፈነው ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ገሪማ ብድግ አለ። «አይነካም! ሰውየው ምን ዓይነት ነው? ሴትየዋ ሳትጠየቅ ሥራዋን? አንዳቸው በሯን ቢያንኳኳ ምናለበት?»

«ጋሼ፣ ቤቷን አያውቁትም። እርስ በርሳቸውም አይተዋወቁም።»

«የፀሐይወርቅ ጎረቤቶችስ ያውቁ የለ? ያወቁትም አላንኳኩ» አለና ወጣ። ሐያት ፀሐይወርቅ ማን እንደሆነች ያን ጊዜ አታውቅም።

በዚያው ሰሞን ንጋት ላይ ሕልም አየ። ያ ቅርጽ አገር ሆኖ ጠበቀው። ጥምዝምዞቹ ዳገትና ቁልቁለት ናቸው። ወደ ውስጥ ሲገባ የእንሰት ጓሮ ጥላ አለ፣ ረጋ ያለ፣ ዝናብ የማይደፍረው። ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል፣ ማንም አያወራም። መሃል ሲደርስ አንዲት ክፍል አገኘ። በሯ ተዘግቷል። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ቁልፉን ያውቀዋል።

ነቃ ልበል ወይስ አልነቃም ልበል? እሱም አያውቀውም። ብቻ ራሱን ያገኘው ጡሩምባውን ይዞ ዳገቱ ላይ ነው። ጭጋጉ ከተማውን ውጦታል፣ መብራት የለም፣ ወደ ሞያሌ ይውረድ ከሞያሌ ይምጣ የማይታወቅ አንድ መኪና ሩቅ ያቃስታል። ነፋ። አፉ ከእሱ ፈቃድ ውጪ ተናገረ። «የዕድር አባላት! ኢልሴ አርፋለች! ዘመድ የላትም፣ ዘመዶቿ እኛ ነን! ሐያት በር ላይ ውጡ!» እስከ ድልድዩ ድረስ እየነፋ ወረደ።

ጉድ ፈላ! ዕድር ነውና ማንም ቆሞ ማን ናት አላለም። ወጣቶቹ ሸራና አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ከተፍ አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ዝናቡ ማካፋት ስለጀመረ ጃንጥላው በጃንጥላ ላይ ነው። ሐያት በሯን ስትከፍት ሰፈሩ በሙሉ ፊቷ ተደርድሯል፤ «አባዬ!» ብላ ወደ አባቷ ሱቅ ሮጠች፣ የሞቱት እሳቸው መስለዋት ነው። አባቷ ጥርሳቸውን እየፋቁ ብቅ ሲሉ እዚያው በረንዳ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ወንድይራድ ካፖርታቸውን ደርበው ደረሱ። የጡረታ መምህር ናቸው፤ መተዳደሪያ ደንቡን እንደ ዳዊት የሚደግሙ ሰው።

«ገሪማ፣ ሟቿ ማን ናት?»

«ኢልሴ።»

«የየትኛው ሰፈር ኢልሴ?»

«የፈረንጅ አገር። እዚህ ኮምፒውተር ላይ የምናገኛት።»

ሰዉ ተጉረመረመ። «አይተሃታል?» «አላየኋትም።» «ድምጿን ሰምተህ ታውቃለህ?» «አልሰማሁም።» «ታዲያ መሞቷን በምን አወቅህ?»

ጋሽ ገሪማ ዙሪያውን አየ፤ አሁን ገና የነቃ ይመስል ነበር። «ጠፋች» አለ። «ጠፋች፣ የሚጠይቃት ጠፋ።»

ከኋላ አንዱ ፈነዳና ሳቀ። ሳቁ ሊዛመት ሲል ጋሽ ገሪማ ስለ ፀሐይወርቅ መናገር ጀመረ። ይህን ሁሉ ዘመን አብሯቸው ሲኖር አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። በሯን ነገራቸው፣ ቁልፉን ነገራቸው። «እኔም ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ተኛሁ» ሲል ድምፁ ተቆረጠ። ያ ሰፈር የሚቀሰቅስ ድምፅ!

መናኸሪያው በር ላይ አቮካዶ የምትሸጠው አልጋነሽ ጃንጥላዋን አጥፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ከመጣሁ አልመለስም» አለች። «አንቺ ሐያት፣ ፎቶዋ እንኳ የለም?» ፎቶዋ የለም። ሐያት ግን ስክሪኑን ወደ በሩ አዞረችና ቅርጹን ከፈተችው። በጭጋጉ መሃል ያ ባለ ቀለም ነገር ቀስ ብሎ ዞረ።

«ይሄ ምኗ ነው?»

«ሥራዋ ነው።»

«ይህች ቀዳዳስ?»

«ነገ እደፍናታለሁ ብላ ነው የቀረችው» አለ ጋሽ ገሪማ።

«ውይ የኔ እናት!» ብላ አልጋነሽ ለቀሰች። የምሯን ነው። ይሄኔ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። አቶ ወንድይራድ ግን «ያለ ሞት ጡሩምባ የነፋ ጡሩምባውን ያስረክባል፤ ደንብ ደንብ ነው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ገሪማ ሰጣቸው። ተቀበሉና፣ «እግሬን ለማሳረፍ ያህል ነው» ብለው እሳቸውም ተቀመጡ፣ ጡሩምባውን ጭናቸው ላይ አድርገው።

ሐያት በሞባይሏ ፎቶ አነሳች፤ ሸራውን፣ ጃንጥላውን፣ ነጠላ ያዘቀዘቀውን ሁሉ። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ በስንት መከራ ቡድኑ ሰሌዳ ላይ ወጣላት። ከሥሩ ጋሽ ገሪማ ያለውን ጻፈች፦ «ኢልሴ ሆይ፣ ካለሽ አለሁ በዪ። ከሌለሽም ተለቅሶልሻል።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ሰሞን ለጋሽ ገሪማ መከራ ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች «ጋሼ፣ ዛሬስ አሜሪካ ማን አረፈ?» ይሉታል። አንድ የወናጎ መንገድ ነጋዴ ሲሞት ጡሩምባውን ሌላ ሰው ነፋው፤ በግ የታነቀ ነበር የሚመስለው። ጋሽ ገሪማ አልጋው ላይ ሆኖ ሰማና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አልነበረም። ሳላንኳኳ ቀረሁ፣ ዳግመኛ ሳላንኳኳ ቀረሁ እያለ ነበር የሚብሰለሰለው። ቡድኑ በፎቶው ተገርሞ እስከ ቅዳሜ እንጠብቃለን ብሏል፤ እሑድ እንቆቅልሹ ይዘጋል። እሱ በየማለዳው ይመጣል፣ ቅርጹን ያስከፍታል፣ ቀዳዳዋ እዚያው ናት። ሐያት ማውሱን ስታቀርብለት «አልነካም» ይልና ሲዞር ብቻ ያየዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ከዳገቱ ላይ ያለው እንሰት ታጥቦ ያበራል። ሐያት ቅርጹን ከፈተች። ዞረ። አንድ ጊዜ ዞረ፣ ደገመ።

«ሐያት።»

«አቤት ጋሼ።»

«ቀዳዳዋ የታለች?»

ሐያት ጠጋ አለች። ቀዳዳዋ የለችም። ከጎኗ የነበረው ጥምዝ ጥቂት ዘንበል ብሎ፣ አንድ ብርቱካናማ ገብቶባታል፤ የአፉ ሥር ሞልቷል። «ሰረቁት!» አለ ጋሽ ገሪማ። «እስከ ቅዳሜ ብለው ሰረቁት!» ሐያት ግን ያስቀመጠውን ሰው ስም እያነበበች ነበር። ስሙን ሳትናገር እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ከዚያ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ እየተረጎመች አነበበችለት።

«አልሞትኩም። ወድቄ ወገቤ ተጎድቶ ሆስፒታል ነበርኩ። ቤቴ ስመለስ ኮምፒውተሩን መክፈት አስጠላኝ፤ ማን ይጠብቀኛል ብዬ። እንደ ቀረሁ ልቀር ነበር። የእህቴ ልጅ ስልኳ ላይ የቡድኑን ሰሌዳ ከፍታ ፎቶውን አሳየችኝ። እነዚያ ጃንጥላ የያዙ ሰዎች ለእኔ ነው የመጡት? ለሠርጌ እንኳ ይህን ያህል ሰው አልመጣም። ነጭ ጨርቅ ደርባ የምታለቅሰውን ሴት ስሟን ንገሩኝ። ደህና አደርኩ። እዚህ በረዶው እየቀለጠ ነው።»

ጋሽ ገሪማ አለቀሰ። ለፀሐይወርቅ ያላለቀሰውን ጨምሮ ነው ያለቀሰው፣ ማንም እንዳያየው እንኳ ፊቱን አልሸፈነም። ሐያትም «ኧረ በአላህ ይተዉ ጋሼ» እያለች አብራ አለቀሰች።

ወደ ማታ አቶ ወንድይራድ ቤት ሄደ። ዳኛው ነገሩን ሰምተው ጨርሰዋል፤ ዲላ ውስጥ ወሬ መች ያድራል! መነጽራቸውን አድርገው ደንቡን ገለጡ፣ አገላበጡ። «ገሪማ፣ ሰው አለ ብሎ ጡሩምባ ስለ መንፋት የሚል አንቀጽ የለም» አሉ። ጋሽ ገሪማ አንገቱን ደፋ። «የሚከለክልም የለም» አሉና ከአልጋቸው ሥር ጡሩምባውን አወጡ። ተወልውሎ ያብለጨልጫል።

እሑድ ንጋት፣ ጭጋጉ ከእንሰቱ ላይ ሳይነሳ፣ ያ የሚታወቀው ጡሩምባ ከዳገቱ ላይ ተነፋ። ሰው በየቤቱ ብርድ ልብሱን ገፎ ማንን ይጠራ ይሆን ብሎ ጆሮውን ቀሰረ።

«የዕድር አባላት! ስሙ! ኢልሴ አለች! ቀብር የለም! አልጋነሽ፣ ስምሽን ጠይቃለች! ሴትየዋ አለች፤ ተኙ!»

ከአልጋነሽ ቤት እልልታ ወጣ። ጋሽ ገሪማ እየነፋ ወረደ፣ በየበሩ «ተኙ፣ ተኙ፣ አለች» እያለ። ማንም እሺ ያለው የለም። ድልድዩ ጋ ደርሶ ዞር ሲል፣ ሰፈሩ በሙሉ ጃንጥላውን ይዞ ከኋላው መንገዱ ላይ ወጥቶ ቆሟል።